ከሜሪላንድ የመጣው ፌስታል፦ ለወር አበባዬና ለመውለድ የቱን ቫይታሚን ልዋጥ?

ማር_ወለላ (አዲስ አበባ)፣ ሐምሌ 2

ሰላም እህቶች፣ ወንድሞችም ካላችሁ።

31 ዓመቴ ነው። ካገባሁ ሁለት ዓመት ሊሞላኝ ነው። ልጅ መሞከር ከጀመርን 14 ወር ሆነን። ፔሬዴ ድሮም ሥርዓት የለውም፤ አንዳንዴ በ40 ቀን፣ አንዳንዴ በ60 ቀን ይመጣል። ሲመጣ ደግሞ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ከቤት አያስወጣኝም። ሞዴስ በየሰዓቱ ነው የምቀይረው።

እህቴ ሜሪላንድ ናት። ጭንቀቴን ብነግራት ሰው ሲመጣ አንድ ፌስታል ሙሉ ላከችልኝ። ጠረጴዛ ላይ ደርድሬ ቆጠርኳቸው፤ ሰባት ጠርሙስ። ፕሪናታል የሚሉት የነፍሰ ጡር ቫይታሚን፣ ለፀጉርና ለጥፍር የሚሆን ባዮቲን 10,000 ማይክሮግራም፣ የዓሣ ጉበት ዘይት፣ ቫይታሚን ዲ 5,000 አይዩ፣ ኢኖሲቶል የሚባል ነጭ ዱቄት፣ ቫይቴክስ የሚባል ከዕፅ የተሠራ እንክብል፣ እና ለእንቁላል ጥራት ይረዳል የሚባለው ኮኪውቴን።

ሦስት ሳምንት ሁሉንም ዋጥኩ። ሆዴ ይረበሻል፣ ያቅለሸልሸኛል። ሰገራዬም ጥቁር ሆነ፤ በጣም ደንግጫለሁ። አማቴ ደግሞ «ይሄን ሁሉ ኪኒን ተይው፣ ጤና አዳምና አብሽ አፍልተሽ ጠጪ» ይሉኛል። ፍልሰታም እየመጣ ነው። እንክብሉ ከእንስሳ የተሠራ ነው ሲሉ ሰማሁ፤ እውነት ነው?

የቱን ልተው፣ የቱን ልቀጥል? እባካችሁ የምታውቁ ምከሩኝ።

ቤቲ_ቦሌ፣ ሐምሌ 2

አይዞሽ የኔ ቆንጆ። ብቻሽን አይደለሽም። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሪፖርት ከስድስት ሰው አንዱ በሕይወቱ ውስጥ መውለድ የመቸገር ነገር ይገጥመዋል ይላል። እኛ አገር ስለማይወራ ነው ሁሉም ለብቻው የሚያለቅሰው። እኔም እከታተላለሁ።

ፋርማሲስቱ_ከጎንደር፣ ሐምሌ 2

ሰላም እህቴ። ፋርማሲስት ነኝ። ጠርሙሶቹን ባላያቸውም የዘረዘርሻቸውን አውቃቸዋለሁ።

ከሰባቱ ውስጥ አንዱን አትተዪ ብባል ፎሊክ አሲድ ያለበትን ፕሪናታሉን ነው የምይዝልሽ። ምክንያቱን ልንገርሽ። የፅንሱ የአከርካሪና የአንጎል ቱቦ የሚዘጋው ፅንስ ከተያዘ በ28 ቀን ውስጥ ነው። ፔሬዷ በየ28 ቀኑ የሚመጣ ሴት እንኳ ገና «ቀረብኝ እንዴ?» የምትልበት ጊዜ ነው። አንቺ ደግሞ አንዳንዴ 60 ቀን ትጠብቂያለሽ። ስታውቂ ያ ሁሉ አልፏል። ስለዚህ በየቀኑ 400 ማይክሮግራም ከእርግዝና በፊት መጀመር አለበት። በ1991 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣው የእንግሊዞቹ ጥናት፣ ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ፅንስ የገጠማቸው እናቶች ፎሊክ አሲድ በ4 ሚሊግራም ሲወስዱ ችግሩ ዳግም የመከሰቱ ዕድል በ72 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። ያ ከፍ ያለ መጠን ግን በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው፤ ቀድሞ ለገጠማት ወይም የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለምትወስድ።

«ምግብ አይበቃም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በአገራችን የስንዴ ዱቄት በንጥረ ነገር እንዲበለፅግ የሚያስገድድ ደረጃ በ2022 እ.ኤ.አ. ጸድቋል፤ ጥሩ ነገር ነው። እንጀራችን ግን ከጤፍ ነው።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። ፕሪናታሉን ገልብጠሽ «ቫይታሚን ኤ» የሚለውን መስመር ፈልጊ። ከሥሩ «ሬቲኒል» የሚል ካለ በቀጥታ የሚሠራው ዓይነት ነው። የዓሣ ጉበት ዘይት ደግሞ በዚሁ የተሞላ ነው፤ አንድ የሻይ ማንኪያ ብቻ ከ1,300 ማይክሮግራም በላይ ሊይዝ ይችላል። የአዋቂ ሴት የቀን ጣሪያ 3,000 ነው። ሁለቱ ተደምረው፣ በላዩ ጉበት ከተበላበት፣ ጣሪያው ቅርብ ነው። ከመጠን ያለፈ ሬቲኖል (ይሄው ዓይነት ቫይታሚን ኤ) የፅንሱን አፈጣጠር ያጎድላል። ስለዚህ የዓሣ ጉበት ዘይቱን ዛሬውኑ አቁሚ። ከካሮትና ከጎመን የሚገኘው ሌላ ነው፤ እሱ አያሰጋም።

ባዮቲኑ ደግሞ ከመርዛማነቱ ይልቅ የላብራቶሪ ውጤት በማበላሸቱ ነው የሚታወቀው። ሰውነት በቀን የሚፈልገው 30 ማይክሮግራም ነው። አንቺ 10,000 ትውጫለሽ። ይሄ መጠን የታይሮይድንና የአንዳንድ ሆርሞኖችን ምርመራ ያዛባል፤ የጤነኛ ሰው ታይሮይድ በሽተኛ ሊመስል ይችላል፣ የታመመውም ጤነኛ። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍዲኤ በ2017 እ.ኤ.አ. ስለዚህ ነገር አስጠንቅቋል።

ማር_ወለላ፣ ሐምሌ 2

ወንድሜ! ነገ ጠዋት የሆርሞን ምርመራ ልሄድ ነበር እኮ! ባዮቲኑን ዛሬ ቁርስ ላይ ነው የዋጥኩት።

ፋርማሲስቱ_ከጎንደር፣ ሐምሌ 2

እንኳን ጻፍሽ። ቀጠሮውን ቢያንስ ሦስት ቀን ግፊው። ስትሄጂም «ባዮቲን ስወስድ ነበር» ብለሽ ለሐኪሙም ለላብራቶሪውም ንገሪ። ሁሉም አይጠይቅም።

ነርስ_ሲልቨርስፕሪንግ፣ ሐምሌ 3

እህቴ፣ እኔም የምኖረው ሜሪላንድ ነው። እህትሽ በፍቅር ነው የላከችው፤ አውቃለሁ፣ እኔም ለእህቶቼ እልክላቸው ነበር። ግን አንድ ነገር ሁላችንም ብናውቅ ደስ ይለኛል። «ከአሜሪካ መጣ» ማለት «ተፈተሸ» ማለት አይደለም። በ1994 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ መሠረት ሰፕልመንት (እንዲህ ያለ የቫይታሚንና የዕፅ ማሟያ) እንደ መድኃኒት ከሽያጭ በፊት በኤፍዲኤ አይጸድቅም። ኩባንያው እንደሚሠራ ቀድሞ ማስረዳት የለበትም። ጠርሙሱ ጀርባ ላይ ባለችው ደቃቅ ጽሑፍ «ይህ ምርት በሽታን ለመመርመር፣ ለማከም ወይም ለመከላከል የታሰበ አይደለም» ይላል። ማንም አያነበውም። እህትሽ ወደፊት ስትገዛ ዩኤስፒ ወይም ኤንኤስኤፍ የሚል የማረጋገጫ ማኅተም ያለበትን ትፈልግ። ማኅተሙ ያስረግዛል አይልም፤ ቢያንስ የተጻፈው ነገር ውስጡ እንዳለ ያመለክታል።

አሁን ስለራሴ። እኔም እንዳንቺ በ50 ቀን፣ በ70 ቀን ነበር የማየው። ነርስ ሆኜ እንኳ ሁለት ዓመት በእንክብል አሳለፍኩ። ማታ ማታ የሰዎችን አስተያየት አነብባለሁ፣ በማግስቱ አዝዛለሁ። መጨረሻ ላይ አልትራሳውንድ ስነሳ ፒሲኦኤስ ተባልኩ። እንቁላል በየወሩ አይወጣም ማለት ነው። የፈለገ ቫይታሚን ብትውጪ ያልወጣ እንቁላል አይፀነስም።

ስለ ኢኖሲቶሉ፣ ፒሲኦኤስ ላለባት ሴት ጨርሶ ከንቱ አይደለም። ብዙ ጊዜ በቀን 4 ግራም ለሁለት ተከፍሎ ይወሰዳል። ጉዳቱም አነስተኛ ነው። በ2023 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ የፒሲኦኤስ መመሪያ «ፈልጋ ብትወስድ ይቻላል፣ ማስረጃው ግን ውስን ነው» በሚል መንፈስ ነው የሚያየው። እንቁላል እንዲወጣ ለማድረግ መመሪያው የሚያስቀድመው ሌትሮዞል የሚባለውን ኪኒን ነው፤ በሐኪም ክትትል ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚዋጥ። 750 ፒሲኦኤስ ያለባቸው ሴቶች በተሳተፉበት የ2014 እ.ኤ.አ. ጥናት በሌትሮዞል 27.5 በመቶዎቹ ወልደዋል፣ በድሮው ክሎሚፊን 19.1 በመቶ። እኔ በሦስተኛው ዙር አረገዝኩ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው።

ከ35 ዓመት በታች ላለች ሴት አንድ ዓመት ሞክራ ካልሆነ፣ ከ35 በላይ ላለች ስድስት ወር ካለፈ ሐኪም ዘንድ ነው። ፔሬዷ የተዘበራረቀ ግን ይሄን መጠበቅ የለባትም። አንቺ 14 ወር ሆኖሻል።

ብሩክታዊት_21፣ ሐምሌ 3

ይቅርታ፣ እኔ ትንሽ ልለይ። እኔ ቫይቴክስ ወስጄ ሦስት ወር ሳይሞላ አረገዝኩ። ለምን ሴቱን ሁሉ ከተፈጥሮ መድኃኒት ታርቃላችሁ? ሐኪም ቤት ሄዶ ብር ከመጨረስ ጥሩ ነው።

ነርስ_ሲልቨርስፕሪንግ፣ ሐምሌ 3

ብሩኬ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ። ከልቤ ደስ ብሎኛል። ግን ቫይቴክስ ወስደው ያላረገዙት እዚህ መጥተው አይጽፉም። የምናነበው የተሳካላቸውን ብቻ ነው። አንዳንዷም ምንም ሳትወስድ በዚያው ወር ልታረግዝ ትችል ነበር። ቫይቴክስ አንጎል ውስጥ ዶፓሚን በሚባለው ኬሚካልና ፕሮላክቲን በሚባለው ሆርሞን ላይ ይሠራል ተብሎ ይታሰባል። ስለዚህ ከወሊድ ሕክምና መድኃኒት ጋር አይደባለቅም፤ ስታረግዢም መቆም አለበት። ማር_ወለላ ፔሬዷ 60 ቀን ሲቆይ «አርግዣለሁ ወይስ ቀርቶብኛል?» የሚለውን ሳታውቅ ስትውጠው ትቆያለች። እኔን የሚያሳስበኝ እሱ ነው።

ሐያት_ዱባይ፣ ሐምሌ 4

አሰላሙ አለይኩም። እኔ ሰው ቤት ነው የምሠራው። እዚህ ከመጣሁ በኋላ ፔሬዴ አምስት ወር ጠፋ። አርግዤ አይደለም፤ ባሌ አገር ቤት ነው። ድካሙ ሌላ። አንዷ ጓደኛዬ «ፀሐይ አጥተሽ ነው» ብላ ቫይታሚን ዲ ገዛችልኝ። እውነት ነው ከቤት አንወጣም፤ ስንወጣም ተሸፍነን ነው፤ ስመረመር ቫይታሚን ዲዬ በጣም ዝቅ ብሎ ነበር። ግን ፔሬዴን ያጠፋው እሱ አልነበረም። ታይሮይድ ነው የተባልኩት። የታይሮይድ ኪኒን ከጀመርኩ በኋላ በሁለተኛው ወር መጣ። አለቀስኩ። መምጣቱ እንዲህ የሚያስደስት አይመስለኝም ነበር።

ስለዚህ እህቴ ቲኤስኤች የሚባለው የታይሮይድ ምርመራና ፕሮላክቲን ይታይልሽ። ርካሽ ምርመራ ነው። እኔ የስድስት ወር ደሞዜን ቆርጬ ለእንክብል ነው ያወጣሁት።

የሦስት_ልጆች_እናት፣ ሐምሌ 4

ልጆቼ፣ እንደምን ዋላችሁ። እኔ 58 ዓመቴ ነው። ስለ አማትሽ ልናገር። አትቆጪያቸው፣ ተጨንቀው ነው። ግን ጤና አዳሙን አፍልተሽ አትጠጪ። በእኛ ጊዜ አዋቂ እናቶች ነፍሰ ጡር ለሆነች ሴት ጤና አዳም ከቡና ላይ ያነሱ ነበር። ማህፀን ያኮማትራል ይባላል። ያረገዝሽ እንደሆነ ሳታውቂ ትጎጂያለሽ። አብሽ በምግብ ደረጃ ምንም አይደለም፤ እርጎ ውስጥ፣ ወጥ ላይ። የታሸገው የአብሽ እንክብል ግን ሌላ ነው፤ ስኳር ያወርዳል፣ የስኳር መድኃኒት የምትወስድ ሴት ትጠንቀቅ።

ስለ ፆሙ ደግሞ ሐኪምሽንም የንስሐ አባትሽንም ጠይቂ። ለእኔ በዚያ ጊዜ የንስሐ አባቴ «መድኃኒት ነው ልጄ» ብለውኛል።

ማር_ወለላ፣ ሐምሌ 4

እትዬ በጣም አመሰግናለሁ። እግዚአብሔር ያክብርልኝ። ለአማቴ እርስዎ ያሉትን አነብላቸዋለሁ። ከኔ ይልቅ የእርስዎን ይሰማሉ።

ፋርማሲስቱ_ከጎንደር፣ ሐምሌ 4

እናታችን ትክክል ናቸው። ስለ እንክብሉ ልጨምር። «ጄላቲን» የሚል ካለ ከከብት ወይም ከአሳማ ቆዳና አጥንት ነው። «ሀይፕሮሜሎስ» ከሆነ ከዕፅዋት ነው። ይሄን ሙስሊም እህቶችም ይጠይቁኛል። ቫይታሚን ዲ3 ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ከበግ ፀጉር ቅባት ነው የሚወጣው። 5,000ው ከተለመደው የአዋቂ የቀን ጣሪያ ከ4,000 በላይ ስለሆነ ሳትመረመሪ በየቀኑ አትዋጪው።

ፆሙን ሁሉ የምትፆም ሴት ቫይታሚን ቢ12 ሊያጥራት ይችላል። እንደ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ወተት ካሉ ከእንስሳ ከሚገኙ ምግቦች በቀር በተፈጥሮ አይገኝም። እኛ በዓመት ከ180 ቀን በላይ እንፆማለን። ፎሊክ አሲድ ብቻውን በብዛት ሲወሰድ የቢ12 እጥረትን የደም ምልክት ይደብቃል፤ ነርቩ ግን መጎዳቱን አይተውም። ፕሪናታልሽ ላይ ቢ12 መኖሩን እዪ።

የሰገራው መጥቆር ፕሪናታሉ ውስጥ ካለው አይረን (ብረት) ነው። አትደንግጪ። እንደ ሬንጅ የሚጣበቅና የሚገማ ከሆነ፣ ወይም ሆድሽን ከቆረጠሽ ግን ሐኪም ቤት ሂጂ። ማቅለሽለሹም ባዶ ሆድሽን ስለምትውጪው ይመስለኛል።

ማር_ወለላ፣ ሐምሌ 4

ባዶ ሆዴን አይደለም። ከቡና ቁርስ ጋር ነው።

ፋርማሲስቱ_ከጎንደር፣ ሐምሌ 5

አሃ፣ ሌላ ችግር አገኘን! ቡናና ሻይ አይረንን አንጀት ውስጥ ይይዙታል። አቦሉን ይዘሽ ዋጥሽው ማለት አብዛኛው አይረን ከቶናና ከበረካ ጋር ተያይዞ ወጣ ማለት ነው። ከቡናው በፊት አንድ ሰዓት፣ ከቡናው በኋላ ሁለት ሰዓት ጠብቂ። በብርቱካን ወይም በሎሚ ውሃ ዋጪው፤ ቫይታሚን ሲ ያግዘዋል። ወተት ደግሞ ይከለክለዋል። ዋናው ግን ይሄ ነው፦ በየሰዓቱ ሞዴስ የምትቀይር ሴት በፕሪናታል ውስጥ ያለው ትንሽ አይረን አይበቃት ይሆናል። ሄሞግሎቢን (የደም ማነስን የሚያሳየው) እና ፌሪቲን (የተከማቸውን አይረን የሚያሳየው) ይለካ። «ጤፍ እንበላለን፣ አይረን ሞልቶናል» ማለቱን ተይው። በጤፍ ውስጥ ይለካል ከሚባለው አይረን ብዙው ከአውድማው አፈር የመጣ ነው፤ ሰውነትም በደንብ አይስበውም።

ደም ማነስ ከተገኘብሽ አይረኑን በየቀኑ ሳይሆን አንድ ቀን እየዘለልሽ ይሰጥሽ ዘንድ ሐኪሙን ጠይቂ። ሄፕሲዲን የሚባል ሆርሞን አለ። ዛሬ ስትውጪ ከፍ ይልና የነገውን ያግዳል። ቀን ሲዘለል ይወርዳል። ሆድሽም ያርፋል።

አባወራው_አዳማ፣ ሐምሌ 5

እህቴ፣ ወንድ ነኝና ባልሽን ልጠይቅ። ተመርምሯል?

እኔ አልተመረመርኩም ነበር። ባለቤቴ አራት ሐኪም ቤት ተንከራተተች። እኔ ጂም እሄዳለሁ፤ ጡንቻ ያሳድጋል የተባለ መርፌ ለስምንት ወር ወስጃለሁ፤ ቴስቶስተሮን ነበር። በጎን ዚንክና ለዘር ይጠቅማል የሚባል እንክብል እውጥ ነበር። ሳልፈልግ ተመርመር ተብዬ ስሰጥ ዘሬ ዜሮ ነው ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ከውጭ የሚገባ ቴስቶስተሮን አንጎልን «በቅቷል» ብሎ ስለሚያታልል ፍሬ ዘር መሥራቱን ያቆማል አለኝ። አቁሜ ከዓመት በላይ ፈጀ። አሁን ባለቤቴ የስድስት ወር ነፍሰ ጡር ናት። ለአራት ዓመት «ያንቺ ነው» እያሉ ሲጠይቋት ዝም ብዬ ያየሁት ጸጸቱ አይለቀኝም።

መካን ከሚባሉት ጥንዶች ወደ ግማሽ በሚሆኑት ውስጥ የወንዱም ድርሻ አለ። ምርመራውም ቀላል ነው።

ፋርማሲስቱ_ከጎንደር፣ ሐምሌ 5

ወንድሜ ይሄን በመጻፍህ ከልብ አመሰግናለሁ። ዚንኩን በተመለከተ በ2020 እ.ኤ.አ. 2,370 ጥንዶች የተሳተፉበት የአሜሪካ ጥናት ወጥቶ ነበር። ወንዶቹ ለስድስት ወር ዚንክና ፎሊክ አሲድ ወሰዱ። የወለዱት ቁጥር ካልወሰዱት አልበለጠም። የሆድ ሕመም ግን በወሰዱት ላይ በዛ። አዲስ ፍሬ ዘር ለመሠራት ሁለት ወር ተኩል ገደማ ስለሚፈጅ ሲጋራና ጫት ያቆመም፣ መርፌ የተወም ወዲያው ውጤት አይጠብቅ።

ሳሮን_ሀዋሳ፣ ሐምሌ 6

ከርዕሱ ትንሽ ልውጣ። ሕመም ያለባችሁ አላችሁ? እኔ ማግኒዚየም፣ ዝንጅብል፣ ሁሉንም ሞክሬያለሁ። ዝንጅብል ቀለል ላለ ቁርጠት ይረዳል፤ አይቡፕሮፌንም ሕመሙ ሊጀምር ሲል ሲዋጥ የበለጠ ይሠራል፤ ለማርገዝ የምትሞክሩ ግን ሐኪም ሳታማክሩ አዘውትራችሁ አትውሰዱ። ለእኔ ግን ሁለቱም አልበቁም። ከክፍል ወድቄ ነበር የሚያወጡኝ። ለሰባት ዓመት «የሴት ነገር ነው፣ ስትወልጂ ይተውሻል» ተባልኩ። ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ነገር ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት ሕመም) መሆኑ የታወቀው በ29 ዓመቴ ነው። ከአልጋ የሚጥል ሕመም በዝንጅብል የሚሸፈን አይደለም። እባካችሁ።

ቤቲ_ቦሌ፣ ሐምሌ 6

ሳሪዬ፣ ጽሑፍሽን ሳነብ አመመኝ። እኔም ዛሬ ቀጠሮ ያዝኩ።

ማር_ወለላ፣ ነሐሴ 19

ተመልሻለሁ። ለጸለያችሁልኝ ሁሉ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።

ባዮቲኑን አቁሜ በአምስተኛው ቀን ደም ሰጠሁ። ታይሮይዴ ደህና ነው፣ ፕሮላክቲኔም። ሄሞግሎቢኔ 10.6 ነው፤ ፌሪቲኔ 7። ሐኪሟ «በዚህ እንዴት ደረጃ ትወጫለሽ?» ብላ ጠየቀችኝ። እኔ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ ሁሉም ሰው እንደዚህ የሚደክመው ይመስለኝ ነበር። አልትራሳውንዱ ላይ እንደ ነርሷ እህታችን ፒሲኦኤስ ነው። ማዮማ (የማህፀን እጢ) የለም።

አይረን አንድ ቀን እየዘለልኩ እውጣለሁ፤ ጠዋት በብርቱካን። ቡናው ወደ ረፋዱ ተገፍቷል። የመጀመሪያው ሳምንት ራሴን አመመኝ፣ አሁን ለመድኩት። ጠርሙሶቹን ከጠረጴዛው አንስቻለሁ። ፕሪናታሉና ኢኖሲቶሉ ቀሩ፤ ኢኖሲቶሉን ሐኪሟ «ካለሽ ጨርሺው፣ ሌላ አትግዢ» አለችኝ። ኮኪውቴኑን በኔ ዕድሜ የሚያስቸኩል ማስረጃ የለም ብላ አስቀመጠችው። ለእህቴ ደውዬ ሁሉንም ነገርኳት። ትንሽ ከፋት፤ ብዙ ዶላር አውጥታለች። በኋላ «ታዲያ ለምርመራው ልላክልሽ» አለችኝ፣ ሁለታችንም አለቀስን።

ሌትሮዞል የሚጀመረው ደሜ ሲስተካከልና የባለቤቴ ውጤት ሲታወቅ ነው። የአዳማውን ወንድማችንን ጽሑፍ አስነበብኩት። ሁለት ጊዜ አነበበው። ምንም አላለኝም። ማታ ግን ስልኩን አውጥቶ ሐሙስ ጠዋት ቀጠሮ ያዘ።